ለሦስት የማይካፈል ትራክተር

በአንድ ወቅት፣ ያውም ነገሥታቱና የሚናገሩት አንበሶች ካለቁ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ሸምቤት በምትባል የስንዴ አገር ጋሽ ይበልጣል የሚባሉ ሰው ነበሩ። በነጂነት የሚሠሩበት የእርሻ ድርጅት ሲዘጋ በጨረታ የገዙት አሮጌ ቀይ ትራክተር ነበራቸው። በእሱ የራሳቸውንም የጎረቤቶቻቸውንም መሬት ሲያርሱ ኖሩ። ትራክተሩ ሲያረጅ እሳቸውም አብረውት አረጁ፤ ልዩነቱ ለትራክተሩ መለዋወጫ መገኘቱ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ ወገባቸውን አይቶ፣ «ከእንግዲህ እዚያ ወንበር ላይ እንዳይወጡ» አላቸው። ጋሽ ይበልጣል አልተከራከሩም። ለመከራከርም ቢሆን ቀና ማለት ያስፈልጋል።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው። መሬት ለሦስት ይካፈላል። ከብትም፣ ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ፣ ለሦስት ይካፈላል። ትራክተር ግን ለሦስት ሲካፈል ሦስት ክምር ብረት ነው። ስለዚህ ቁልፉ ለአንዱ መሰጠት ነበረበት። ቁልፉን የተቀበለ እያረሰ ይኖራል፤ ሌሎቹ ሁለቱ እንጀራቸውን ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ።

አባትየው ሦስቱንም እኩል አስተምረዋቸዋል። ትምህርቱ አጭር ነበር። ዙሪያውን ሳታዩ ሞተር አታስነሱ። ከነጂው በቀር ማንም አይውጣበት። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አታውጡ። ለምን ተብለው ሲጠየቁ በድርጅቱ አብረዋቸው የሠሩ ነጂዎችን ስም ይዘረዝሩ ነበር። ስማቸው የተጠራው ሁሉ ወይ ሞቷል፣ ወይ በክራንች ይሄዳል። ልጆቹ ጥያቄውን ተዉት።

የበኩሩ ልየው እጁ ከመፍቻ አይለይም። ጠዋት ለሰው ሰላም ከማለቱ በፊት የሞተር ዘይት ይለካል፣ የራዲያተር ውሃ ያያል፣ የላላ ብሎን ያጠብቃል። ሲነዳ ግን እንቁላል የተሸከመ ይመስላል፤ ሌላው ሁለት ማሳ ሲጨርስ እሱ አንዱን ያገባድዳል።

ሁለተኛዋ ጥሩዬ እምቢ ማለት አይከብዳትም። ይህ በሸምቤት እንደ ሙያ አይቆጠርም። ከኋላ ጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ባዶውን እያሳየ መንገደኛ ትቶ የሚያልፍ ትራክተር፣ በሸምቤት ሰው ዓይን፣ የኮራ ትራክተር ነው። ጥሩዬ ግን ስንት ዘመድ አኩርፏት፣ የገበያ ቀን እንኳ ማንንም ጭና አታውቅም።

የመጨረሻው ስንሻው ነጂ ነው። ከጎማው ሥር ያለውን መሬት በመቀመጫው ያውቀዋል ይባልለታል። ሌላው ሰው መውጫ ያጣበትን ጭቃ እሱ እያፏጨ ይወጣዋል። ችግሩ ማፏጨቱ ነው፤ የሚያፏጭ ሰው የሞተሩን ድምፅ በደንብ አይሰማም ይላል ልየው።

ነሐሴ ላይ የጎረቤታቸው የሙላው ሚስት፣ እማዋይሽ፣ የመጀመሪያ ልጇን አማጠች። ምጡ ጎህ ከቀደደበት ጀምሮ ጠናባት፤ ልጁ ግን አልመጣም። ጤና ጣቢያው ከቁልቁለቱ ማዶ፣ ከወንዙም ማዶ ነው። ወንዙ ሞልቷል። አምቡላንስ አያልፈውም፣ ሰው ተሸክሞም አይሻገረውም፤ ትራክተር ግን ይሻገረዋል። ሙላው በባዶ ራሱ እየሮጠ ጋሽ ይበልጣል ግቢ ገባ።

ልየው ትራክተሩ ሥር ተኝቶ ፍሬኑን ይጠግን ነበር። ትራክተር ለሁለቱ የኋላ ጎማዎቹ ሁለት የፍሬን ፔዳሎች አሉት። እርሻ ላይ ለመታጠፍ አንዱ ብቻ ይረገጣል። መንገድ ላይ ግን ሁለቱ በአንዲት ብረት መያያዝ አለባቸው፤ ካልተያያዙና ነጂው ደንግጦ አንዱን ብቻ ከረገጠ፣ ትራክተሩ ወደዚያው ተጠማዞ ይገለበጣል። ያቺ ማያያዣ ትናንት እርሻ ላይ ተሰብራ ነበር።

«ልየው፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው፣ ተነሥ!» አለ ሙላው።

«ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ይህን ሳልጨርስ አይወጣም።»

«እኔ ስለ ሰው አወራሃለሁ፣ አንተ ስለ ብረት!»

«ሰውን የሚወስደው ብረቱ አይደለም እንዴ?»

ስንሻው መካከል ገባ። «ወንድም ጋሼ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ እረግጣቸዋለሁ። እግሬን አታምነውም?»

«እግርህን አምነዋለሁ። ጫማህ ላይ ያለውን ጭቃ ነው የማላምነው።»

ሙላው ዱላ አነሣ። ሰው ያዘው። ልየው ከአሮጌ ማረሻ ላይ ብረት ቆረጠ፣ በእሳት አግሎ በሳው፣ በብሎን አሰረው፣ ፔዳሎቹን ደጋግሞ እየረገጠ ሞከራቸው፣ እንደገና አጠበቀው። ከሙላው ቤት የእማዋይሽ ጩኸት ይሰማ ነበር። ቁልፉን ለስንሻው ሲሰጥ ቀኑ ረፍዶ ነበር።

ከትራክተሩ ኋላ የተቀጠለው ተሳቢ ላይ ገለባ ተነጠፈ፣ እማዋይሽ ተኛች። ከዚያ መንደሩ ሁሉ አብሯት ወጣ። ድሮ በሸምቤት በሽተኛ በቃሬዛ ነበር የሚሄደው፤ ጎረቤት ሁሉ እየተቀያየረ ይሸከማል፣ ሳይሸከም የቀረ ሰው ይታማል። ትራክተሩ ከመጣ ወዲህ ሐሜቱ እንዳለ ሆኖ ሸክሙ ቀረ፤ የድሮ ተሸካሚዎች ተሳፋሪዎች ሆኑ። ተሳቢው በሰው ሞላ። የሙላው አባት ቄስ ታከለ ፓራፋንጎው ላይ ጥላቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። በዚያ ሰዓት ማን ማንን ውረድ ይላል?

ጥሩዬ ፊት ፊት እየሄደች መንገዱን ታይ ነበር። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስትደርስ ቆመችና እጇን አነሣች። ዝናቡ መንገዱን እንደ ሳሙና አድርጎታል።

«ሁላችሁም ውረዱ» አለች። «ተሳቢው ባዶውን ይወርዳል።»

«እኔንም ነው፣ አንቺ ልጅ?» አሉ ቄስ ታከለ።

«እርስዎን በተለይ፣ አባ። ከባድ ነዎት።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሙላው አልሳቀም። «ምጥ የያዛትን ሴት ጭቃ ላይ ልታወርጂ ነው?»

«ትከሻችሁ ላይ ነው የማወርዳት። ጋቢና እንጨት አምጡ።»

«ትራክተር እያለ ትከሻ! ምን ዓይነት ክፋት ነው?» አለ ከተሳቢው አንዱ።

«ክፉ በሉኝ። ግን ውረዱ።»

እስኪወርዱ ተጨቃጨቁ፣ ከወረዱ በኋላም ተጨቃጨቁ። ቃሬዛ ማሰር የሚችሉ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርተው ነበር፤ እሳቸውም ቋጠሮው ጠፋባቸውና ደግመው አሰሩ። ተሸካሚዎቹ በሳር በሳሩ እየተንሸራተቱ ወረዱ። ቀኑ ይበልጥ ሄደ።

ስንሻው ብቻውን ነዳ። እስከ ግማሽ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፣ ተሳቢው ከኋላ ትራክተሩን መግፋት ጀመረ። ማርሹ ወጥቷል። ማርሹ ራሱ እንደ ወጣ ስንሻው እስከ ዛሬ ይምላል። ቸኩሎ ያወጣው እሱ ነው የሚሉም አሉ። ከእሱ በቀር ወንበሩ ላይ ማንም አልነበረም። ዝለል ብለው ጮኹለት፤ አልዘለለም። ፍሬኑን በሁለቱም ፔዳል ረግጦ መሪውን ከመንገዱ በአንዱ በኩል ወዳለው ገደል ሳይሆን በሌላው በኩል ወዳለው የአፈር ግድግዳ አዞረው። ተሳቢው ተጠማዞ ተገለበጠ፤ ገለባው ከሥሩ ቀረ። ትራክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ በአራት ጎማው። ስንሻው ወረደ፣ ተሳቢውን ፈታ፣ ከግንባሩ ደም እየጠረገ ትራክተሩን ወንዙ ዳር አደረሰው።

እዚያ ሌላ ችግር ጠበቃቸው። ተሳቢ የለም። ውሃውን በቃሬዛ መሻገር አይቻልም። እማዋይሽ መጮኽ ትታለች፤ ይህ ከጩኸቱ የባሰ ነበር።

«ፓራፋንጎው ላይ አውጧት» አለ ስንሻው። «ሙላው ከኋላ ቆሞ ይያዛት።»

«ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ጎማው ሥር ነው የምትገባው» አለች ጥሩዬ።

«ከነጂው በቀር ማንም አይውጣ ብለውናል አባባ» አለ ልየው።

«አባባ ወገባቸው ሳይታመም የተናገሩት ነው» አለ ስንሻው። «እሷን እዩዋት።»

አዩዋት። ከዚያ አንሥተው ፓራፋንጎው ላይ አወጧት፤ ሙላውም ከኋላ ቆሞ ያዛት። ስንሻው ጎማው እንዳይጎትተው የጋቢዋን ጫፍ ሰብስቦ ሥሯ ወተፈው፣ በዝቅተኛው ማርሽ ውሃው ውስጥ ገባ። መሀል ላይ ትራክተሩ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ዳር የቀሩት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ ማዶ ወጥቶ ነበር።

እማዋይሽ ጤና ጣቢያው እንደ ገባች ወለደች። ወንድ ነው። ለማልቀስ ዘገየ፤ ከዚያ አለቀሰ። እናቱ ዳነች። ልጁም ዛሬ ይድሃል፣ ይስቃል፤ ቀኝ እጁን ግን እንደ ግራው አያነሣም። አዋላጇ ስትጠየቅ፣ «በመዘግየቱም ሊሆን ይችላል፣ በአወጣጡም ሊሆን ይችላል» አለች። ሙላው አንዱን እንድትመርጥለት ለመናት። «የማላውቀውን አልናገርም» ብላ ወደ ሌላ ታማሚ ሄደች።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አላለቀም። በሰርግም በለቅሶም ይነሣል። ጋሽ ይበልጣል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ሁሉም ሲጨርስ ከመጀመሪያው ይጀመርላቸዋል። ቁልፉን ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸው ይዘውታል።

ልየውን ጠየቁት፤ «ያ ብረት ባይኖር ትራክተሩ ግድግዳውን ሳይሆን ገደሉን ያገኝ ነበር» አለ። እውነት ነው። ብረቱ እስኪበጅ ግን እማዋይሽ ጮኻለች፣ ልጁም ጠብቋል።

ጥሩዬን ጠየቋት፤ «የተገለበጠው ተሳቢ ሥር ስንት ሰው ይገኝ ነበር?» አለች። ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እዚያው ይገኙ የነበሩት ናቸው። እሷም ግን አፋፉ ላይ ብዙ ሰዓት አቁማቸዋለች።

ስንሻውን ጠየቁት፤ «አደረስኳት አላደረስኳትም?» አለ። አድርሷል። የአባቱን ቃል ሽሮ ነው ያደረሳት፤ የማርሹንም ነገር ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ምስክሮቹም አልጠቀሙም። ሙላው ያለ ጥርጥር ለስንሻው ይፈርዳል፤ ልየውን እስከ ዛሬ ሰላም አይለውም። ቄስ ታከለ ለጥሩዬ ናቸው። «ያን ቁልቁለት በእግሬ ከወረድኩ ወዲህ ጉልበቴን ያመኛል» ይላሉ፤ «የሚያመኝ ጉልበት ስላለኝ ግን አመሰግናታለሁ።» ነጂዎች ሲሰበሰቡ ለልየው ይፈርዳሉ። እማዋይሽን ሲጠይቋት ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ፣ «ሦስቱም አዳኑኝ፣ ሦስቱም ፍዳዬን አሳዩኝ» ትላለች። ከዚህ በላይ ስትጠየቅ ሥራ አለብኝ ትላለች።

ጋሽ ይበልጣልም ደክሟቸዋል። ለልየው ቢሰጡ ትራክተሩ ደህና ይሆናል፣ ምናልባትም ይዘገያል። ለጥሩዬ ቢሰጡ ማንም ሥሩ አይሞትም፣ ሰውም ሁሉ ያኮርፋቸዋል። ለስንሻው ቢሰጡ ይደርሳል፤ የማይደርስበት ቀን የመጣ እንደሆነ ግን ወሬውን የሚያመጣ ላይኖር ይችላል። እያንዳንዱን በየሌሊቱ ሲመርጡና ሲተዉ ከረሙ፤ ሁለቱ ሌላ ሥራ ሊፈልጉ የሚሄዱት አንዱ ከታወቀ በኋላ ነውና፣ ሦስቱም ግቢው ውስጥ አባታቸውን እያዩ ይጠብቃሉ።

አሁን ሰኔ ገብቷል። ደመናው ከቁልቁለቱ በላይ ተሰብስቧል፣ እማዋይሽም ደግማ አርግዛለች፤ ነሐሴ ላይ ትወልዳለች ይላሉ። ከዚያ በፊት ወንበሩ ባለቤት ማግኘት አለበት።

እንግዲህ ታሪኩን ሰምታችኋል፣ እዚያም አልነበራችሁም፤ ስለዚህ ከሸምቤት ሰው ይልቅ ለመፍረድ ትመቻላችሁ። በእማዋይሽ ቦታ ሆናችሁ መልሱልኝ፤ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?