ዳገቱን እንቢ ያለው መኪና

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። አስካለ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ዳገቱን ወጥታ ቤተ ክርስቲያን መድረስ። ዛሬ ጠዋት የእህቷ ልጅ ክርስትና ትነሳለች፤ የክርስትና እናቷ እሷ ናት። ካልደረሰች ሕፃኗን ከካህኑ እጅ ማን ይቀበላታል?

ባሏን ደጀኔን ከጎኗ አስቀምጣ መኪናውን አስነሳች፤ ነዳጅ ረገጠች። መኪናው ዳገቱ ሥር ቆመ።

“ምን ሆንክ አንተ?”

“ሞተሩ ጉልበት ነፈገኝ” አላት መኪናው።

ሞተሩን ብትጠይቀው፣ “የመኪናው ኮምፒውተር ከለከለኝ” አለ። ኮምፒውተሩ ከለከለ፣ ሞተሩ ነፈገ፣ መኪናው ቆመ፣ ሕፃኗ ትጠብቃለች!

አስካለ “የሰው ያለህ!” ብላ ጮኸች። ጎረቤታቸው መካኒኩ ፍሬው ከነፒጃማው መጥቶ መመርመሪያውን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ።

“ጭስ ማውጫው ሊቀልጥ ነው!” ብሎ ጮኸ ኮምፒውተሩ። “የሙቀት ሴንሰሩ እሳት ነው ብሎኛል!”

ፍሬው ጭስ ማውጫውን ነካው። መኪናው ገና መነሳቱ ነውና ቀዝቃዛ ነው።

“እትዬ አስካለ፣ ይሄ ሴንሰር ዓይኑን አፍጥጦ ይዋሻል!”

ሴንሰሩ ተቆጣ። “እኔ ብርድ ነው ብዬ ላክኩ፤ ሽቦው እሳት ነው ብሎ አደረሰ!” ሽቦው ዋሸ፣ ሴንሰሩ ታማ፣ ኮምፒውተሩ ከለከለ፣ ሞተሩ ነፈገ፣ መኪናው ቆመ፣ ሕፃኗ ትጠብቃለች!

“እኔስ ምን ላድርግ?” አለ ሽቦው። “ያሰረኝ የጎማ ቁራጭ ትናንት ቀልጦ የጋለው ጭስ ማውጫ ላይ ጣለኝ። ይኸው ተልጬ ቀረሁ።”

“ያሰረኝን ጠይቁ!” አለ ጎማው።

ሁሉም ዞረው ደጀኔን አዩት። ደጀኔ ቤት በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ያልታሰረ ነገር የለም፤ በሩ፣ አልጋው፣ ጄሪካኑ። የሽቦውንም ብረት ማያዣ ሲንኳኳበት አውጥቶ ጥሎ፣ ሽቦውን በጎማ አስሮታል።

“የኔ ጎማ አይቀልጥም! ማንም እንዳይነካው!” ብሎ ሞተሩ ፊት ተገተረ።

አስካለ ደሟ ፈላ። “አንተ እንቢ አልክ፣ ጎማው ቀለጠ፣ ሽቦው ዋሸ፣ ሴንሰሩ ታማ፣ ኮምፒውተሩ ከለከለ፣ ሞተሩ ነፈገ፣ መኪናው ቆመ፣ ሕፃኗ ትጠብቃለች! በል እንካ ነጠላዬን፤ በእግርህ ውጣና አንተው የክርስትና እናት ሁናት!”

ደጀኔ ነጠላ አጣፍቶ ካህኑ ፊት ሲቆም ታየው። ፍሬው ሳቁን መያዝ አቃተው።

“እሺ በቃ፣ እኔ ነኝ ያሰርኩት” አለ ደጀኔ አንገቱን ደፍቶ። “ፍታው።”

ጎማው ተፈታ፣ ሽቦው ተጠግኖ ብረት ማያዣ ገባለት፣ ሴንሰሩ ታመነ፣ ኮምፒውተሩ ፈቀደ፣ ሞተሩ ሰጠ፣ መኪናው ዳገቱን ወጣ። ሕፃኗም ከጥምቀቱ ውኃ ወጥታ፣ እየጮኸችና እየተራገጠች፣ አስካለ እቅፍ ውስጥ ገባች። አስካለ ደስታዋ ሞልቶ አለቀሰች።

እኔ ዳገቱን ወጣሁላችሁ፤ ቁልቁለቱን እናንተ ንዱት።