የጋሽ ባንተይርጋ መሪና የታቀፈችው ዶሮ

ተረት ተረት፣ የመኪና በረት። ወሬ የያዘ ፍሬን ይያዝ፣ ልጀምር ነው።

ቢሾፍቱ ውስጥ ጋሽ ባንተይርጋ የሚባል የአውሮፕላን ጥገና ጡረተኛ ነበር። የጄት ጩኸት ግማሽ ጆሮውን ወስዶበታል፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ እሱ ራሱ ለመኪናው ሰጥቶታል። መኪናዋ የድሮ አሜሪካ ሥሪት ናት፤ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ቀይ። ሚስቱን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሙሽራ አድርጎ ያመጣት በዚህችው መኪና ነው። አሁን ደግሞ ልጃቸው ማስተዋል እሑድ ልትዳር ነው። ጋሽ ባንተይርጋ የቀረችለት ምኞት አንዲት ነበረች፦ ልጁን በዚያች መኪና፣ በገዛ እጁ እየነዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ።

ችግሩ መሪው ነው። የዚያ ዘመን ፓወር ስቲሪንግ ከመጠን በላይ ልል ነው፤ በትንሽ ጣት ይዞራል፣ መንገዱን ግን ለእጅ አይነግርም። ሰኞ ዕለት አባትና ልጅ ለሙከራ ወጡ። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ባንተይርጋን አስነጠሰው። መሪው ሽው ብሎ ዞረና መኪናዋ ከአንድ የጋሪ ፈረስ አፍንጫ ሥር ሄዳ ቆመች። ማስተዋል የፈረሱን ጥርስ አንድ በአንድ ቆጠረችው።

«አባዬ፣ እወድሃለሁ» አለች እየወረደች። «መሪው ጠንከር ካላለ ግን እሑድ እዚህ ውስጥ አልገባም። መኪና እንከራያለን።»

የኪራይ መኪና! ጋሽ ባንተይርጋ በነጋታው በጠዋት ወደ መካኒኩ ወደ ገረሱ ሄደ።

«ገረሱ፣ መሪው ይክበድልኝ።»

«ይቅለልልኝ ለማለት ነው ጋሼ?»

«ይክበድልኝ አልኩህ!»

«ሠላሳ ዓመት ስሠራ መሪ ቀለለኝ ብሎ የመጣ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለና ገረሱ ሦስት የመሪ ማርሽ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ማርሹ ውስጥ ያለው ዘንግ ሲቀጥን መሪው ይላላል፣ ሲወፍር ይጠነክራል። ጋሽ ባንተይርጋ ባለ ቀጭኑን ሞከረው፤ ያው የድሮው ነው። በእልህ ባለ ወፍራሙን ያዘ፤ ትከሻው ቋ አለ። መካከለኛውን ሲያዞረው ግን ማርሹ ትንሽ እንቢ ብሎ ቆየና እሺ አለው።

«ይሄ ነው! ይሄ እንደ ሰው ይመልሳል» አለ።

«ጥሩ መረጡ። ግን ከአሮጌው ይወፍራል። ማያያዣ ተቀርጾ ካልመጣልኝ አልገጥምም።»

ጋሽ ባንተይርጋ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት፣ ወደ አርጋው ሄደ። «አርጋው፣ ማያያዣ ቅረጽልኝ። ማያያዣው ካልተቀረጸ ገረሱ መሪ አይገጥምም፤ መሪው ካልተገጠመ ማስተዋል መኪናው ውስጥ አትገባም።»

አርጋው ዓይኑን አጨናበሰ። «መነጽሬ ተሰብሮ ሰዓት አዳሹ ሸምሱ ዘንድ ነው። መነጽሬ ካልመጣ አልቀርጽም። ሳላይ ብጀምር ማያያዣውን ትቼ ጣቴን ነው የምቀርጸው።»

ከተማው ውስጥ ሌላ ቶርኖ ቤት የለም ወይ አትበሉኝ። ካለ ተረቴ እዚህ ላይ ያልቅብኛል።

ጋሽ ባንተይርጋ ወደ ሸምሱ ሄደ። «ሸምሱ፣ መነጽሩን ጠግንልኝ። መነጽሩ ካልተጠገነ አርጋው ማያያዣ አይቀርጽም፤ ማያያዣው ካልተቀረጸ ገረሱ መሪ አይገጥምም፤ መሪው ካልተገጠመ ማስተዋል መኪናው ውስጥ አትገባም።»

«መፍቻዎቼ መሳቢያው ውስጥ ናቸው ጋሼ» አለ ሸምሱ። «መሳቢያው ውስጥ ደግሞ ዶሮ ታቅፋለች።»

እውነትም አንዲት ቀይ ዶሮ አሥራ አንድ እንቁላል ላይ ተንሰራፍታለች። ጋሽ ባንተይርጋ እጁን ሲሰድ ነቆረችው። ልመና ያዘ።

«ተነሺ እንጂ እመቤቴ! አንቺ ካልተነሣሽ ሸምሱ መነጽር አይጠግንም፤ መነጽሩ ካልተጠገነ አርጋው ማያያዣ አይቀርጽም፤ ማያያዣው ካልተቀረጸ ገረሱ መሪ አይገጥምም፤ መሪው ካልተገጠመ ማስተዋል መኪናው ውስጥ አትገባም።»

ዶሮ ስለ ፓወር ስቲሪንግ ምን ገዷት! አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

«የእትዬ አልታዬ ናት» አለ ሸምሱ። «እሳቸው ካልፈቀዱ አልነካትም። ጎረቤቴ ናቸው።»

እትዬ አልታዬ እናቷ የሞተችባትን ማስተዋልን ያዘሉ፣ ያጎረሱ፣ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ጋሽ ባንተይርጋ ሐሙስ ጠዋት በራቸው ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ዶሮዋን ያስነሡልኝ። ዶሮዋ ካልተነሣች ሸምሱ መነጽር አይጠግንም፤ መነጽሩ ካልተጠገነ አርጋው ማያያዣ አይቀርጽም፤ ማያያዣው ካልተቀረጸ ገረሱ መሪ አይገጥምም፤ መሪው ካልተገጠመ ማስተዋል መኪናው ውስጥ አትገባም።»

እትዬ አልታዬ በሩን ገርበብ አድርገው ሰሙትና አንድ ነገር ተናግረው ድርግም አደረጉበት። ጋሽ ባንተይርጋ በቀረችው ግማሽ ጆሮ የሰማው እንዲህ ነው፦ «ጥሬ ካልመጣ ዶሮዬ አትነሣም!»

«ይኸው ብቻ ነው?» አለና ወደ ገበያ ሮጠ። ሁለት ጣሳ ማሽላ ገዝቶ ሲመለስ ድንጋይ አደናቀፈው፤ ማሽላው መንገድ ላይ ተበተነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ጋሽ ባንተይርጋ ተንበርክኮ እየለቀመ ለራሱ ያጉረመርም ነበር። «ጥሬው ካልደረሰ እትዬ አልታዬ ዶሮ አያስነሡም፤ ዶሮዋ ካልተነሣች ሸምሱ መነጽር አይጠግንም፤ መነጽሩ ካልተጠገነ አርጋው ማያያዣ አይቀርጽም፤ ማያያዣው ካልተቀረጸ ገረሱ መሪ አይገጥምም፤ መሪው ካልተገጠመ ማስተዋል መኪናው ውስጥ አትገባም።»

እትዬ አልታዬ በር ላይ ማሽላውን አስቀመጠ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጥሬ ነዋ እትዬ። ጥሬ ካልመጣ ዶሮዬ አትነሣም አላሉኝም?»

እትዬ አልታዬ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ሳቁና ሳቁና በነጠላቸው ዓይናቸውን ያዙ። «ጥሪ ነው ያልኩህ አንተ ሰው! ጥሪ! በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ ስትዳር ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ እሰማለሁ፤ እኔን ግን ነይ ያለኝ የለም። አንተ ጥሬ ይዘህልኝ መጣህ!»

ጋሽ ባንተይርጋ ያኔ ትዝ አለው። ከሦስት ሳምንት በፊት ማስተዋል የጥሪ ወረቀት በላስቲክ አስራ ሰጥታው ነበር። «የጎረቤቱን አንተ አድርስልኝ አባዬ፤ መጀመሪያ የእትዬን» ብላው ነበር። እሱስ? የመኪናዋ ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ አኖረውና መኪናዋ ሥር ገባ።

ወደ መኪናዋ ሮጠ። ኪሷን ከፈተ። የታሰረው እንደታሰረ ነው፤ ከላይ የእትዬ አልታዬ፣ ከሥሩ የሸምሱ፣ የአርጋው፣ የገረሱ። አፈረ፤ ከልቡ አፈረ። ተመልሶ ጎንበስ ብሎ ጥሪያቸውን በሁለት እጁ ሰጣቸው።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ልጅዎ ናት፤ እርስዎ ከሌሉ ሰርግ የለም።»

ጥሪው ሲደርስ እትዬ አልታዬ ተነሡ፤ ቅርጫት ውስጥ ማሽላ በተኑና ሸምሱ ዘንድ ዶሮዋ አጠገብ አኖሩት። ለካ ጥሬውም አልባከነም፤ ዶሮዋ ማሽላ ስታይ ከነኩራቷ ተነሥታ ቅርጫቱ ውስጥ ገባች፣ እንቁላሎቿም በእትዬ እጅ ተከተሏት። ዶሮዋ ስትነሣ ሸምሱ መነጽሩን ጠገነ፤ መነጽሩ ሲጠገን አርጋው ማያያዣውን ቀረጸ፤ ማያያዣው ሲቀረጽ ገረሱ መሪውን ገጠመ። ጋሽ ባንተይርጋም በየደረሰበት ጥሪውን እየሰጠ አለፈ። «እኔማ የረሱኝ መስሎኝ ነበር» አለ ገረሱ፣ ወረቀቱን እንዳያቆሽሽ በሁለት ጣቱ ይዞ።

እሑድ ማስተዋል በነጭ ልብሷ መጥታ የመኪናዋን በር ራሷ ከፈተች። ከኋላ እትዬ አልታዬ ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ ቅርጫት፣ ቅርጫቱ ውስጥ ዶሮ። ትቼያት ብሄድ ማን ይጠብቃታል ብለው ነው።

አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ያ የጋሪ ፈረስ ቆሟል። ማስተዋል አየችውና አባቷን በዓይኗ ጠርዝ ተመለከተችው።

«አባዬ፣ አሁን ብታስነጥስስ?»

የአበባው ሽታ ነው መሰል፣ ወዲያው አስነጠሰው። ፈረሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መሪው ግን ንቅንቅ አላለም፤ መኪናዋ መስመሯን ይዛ አለፈች። ማስተዋል እጇን አባቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች። የጋሽ ባንተይርጋ እንባ መጣ፤ እጁን ግን ከመሪው አላነሣም።

ተረቴን መልሱ፣ የእጄን ግራሶ አብሱ።