አቤት ባይ ያጣ ጆንያ

ኑማ፣ ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ እኔ ባለወፍጮው ደምሰው ነኝ። ጆሮዬን ሞተር አደንቁሮታልና አንዱን ነገር ስደጋግም አትሰልቹ።

ይርገዱ የምትባል ጎረቤታችን አንዲት ነገር ብቻ ፈለገች፤ ልጇ ታድሎ የበጋውን የኩፍኝ ክትባት እንዲከተብ። ቀጠሮው ማክሰኞ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ነው። ቀኑን በቀጠሮው ልክ ሸነሸነችው፤ ውሃዋን በዋዜማው ቀዳች፣ ጥጃዋን ለጎረቤት አደራ ሰጠች፣ ምሳውን ማለዳ ሠርታ ከደነችው። አምና ትልቋን ልጇን ማስተዋልን በኩፍኝ ቀብራለች። ታድሎን አዝላ ጤና ኬላ ደረሰች።

መርፌውን "ልጄን ውጋልኝ" አለችው። መርፌው "ብልቃጡ ካልተከፈተ አልወጋም" አለ። ብልቃጡን "ተከፈት" አለችው። ብልቃጡም "የአሥር ልጅ ነኝ፣ የመጣችሁት ዘጠኝ ናችሁ፤ አሥረኛው ካልመጣ አልከፈትም" አለ።

ክትባት ሰጪዋ ብርቄ አንገቷን ደፋች። "እትዬ ይርገዱ፣ አንዴ ከተከፈተ አያድርም። ጎደሎ እንዳልከፍት ታዝዣለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ካልሞላችሁ ወደ ወረዳ ይመለሳል።"

"አምናም ዘጠኝ ነበርን" አለቻት ይርገዱ። ታድሎን እንዳዘለች አሥረኛውን ልጅ ፍለጋ ወጣች።

አሥረኛው የሌላዋ ጎረቤታችን የስንዱ ልጅ ነው። ቤቱ ሄዳ "ና" ብትለው፣ "እናቴ ካላዘለችኝ አልመጣም" አለ። እናቱ ደግሞ ወፍጮ ቤት ናት። ይርገዱ እያለከለከች እኔ ዘንድ መጣች። መርፌው ብልቃጡ ካልተከፈተ አልወጋም፣ ብልቃጡ አሥረኛው ልጅ ካልመጣ አልከፈትም፣ ልጁ እናቱ ካላዘለችኝ አልመጣም ብለዋታል።

ስንዱ ጆንያዋ ላይ ቁጭ ብላለች። "እንዴት ብዬ ልሂድ? ቤቴ እፍኝ ዱቄት የለም። ጆንያዬ ካልለቀቀኝ አልነሳም" አለች። ጆንያውም "ስሟ ሲጠራ አቤት ባይ ካላገኘሁ አልለቃትም" አለ።

ጆንያው እውነቱን ነው። እኔ ወፍጮ ቤት ስም ይጠራል፤ "አቤት" ያላለ ሰው ጆንያው ወደ ወረፋው ጭራ ይጎተታል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እኮራበትም ነበር። ይርገዱ ለመነችኝ። "ለአንዱ ከላላ ለሁሉም ይላላል፤ ሕጌን አላላላም" አልኳት።

እሷም ልጇን እንዳዘለች ቆማ ቆጠረችልኝ። "መርፌው ብልቃጡ ካልተከፈተ አልወጋም አለ። ብልቃጡ አሥረኛው ልጅ ካልመጣ አልከፈትም አለ። ልጁ እናቴ ካላዘለችኝ አልመጣም፣ እናቱ ጆንያው ካልለቀቀኝ አልነሳም፣ ጆንያው አቤት ባይ ካላገኘሁ አልለቅም፣ አንተ ደግሞ ሕጌን አላላላም አልክ። ጋሽ ደምሰው፣ አምና የቀረችው አሥረኛዋ እናት የት ነበረች መሰለህ? እዚሁ ወረፋ ይዛ ነበር።"

ሞተሩን አጠፋሁት። አምና ማንም ያልጠየቀኝን ነገር ዘንድሮ ተጠየቅሁ። አፈርኩ።

ከስንዱ ኋላ የተሰለፉት ሽማግሌ አያ ክንዴ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። "ስማ ደምሰው፣ ሕግህ አቤት ይባል ይላል። በማን አፍ እንደሚባል ይናገራል?"

"አይናገርም፣ አያ።"

"እንግዲያው ስትጠራት እኔ አቤት እልላታለሁ። ሂጂ ልጄ።"

አቤት ባይ ሲገኝ ጆንያው ለቀቀ፣ ጆንያው ሲለቅ እናቱ ተነሳች፣ እናቱ ስታዝለው ልጁ መጣ፣ ልጁ ሲመጣ አሥር ሞላ፣ አሥር ሲሞላ ብልቃጡ ተከፈተ፣ ብልቃጡ ሲከፈት መርፌው ወጋ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ታድሎ አለቀሰ። ይርገዱም አለቀሰች፤ የእሷ ለማስተዋል ነበር።

እኔ ወፍጮ ቤቴ ተራው ሲደርስ "ስንዱ!" ብዬ ጠራሁ። አያ ክንዴ አፋቸውን ሳይከፍቱ ወረፋው በሙሉ "አቤት" አለ።

ማምሻውን የመጨረሻው ጆንያ ተፈጭቶ፣ ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ብቻዬን ቆሜ ቀስ ብዬ "ማስተዋል" ብዬ ጠራሁ። መልስ የሰጠኝ የለም።

ተረቴን መልሱ፤ የጎረቤታችሁም ስም ሲጠራ አቤት በሉለት።