አያ ዘርጋውና የእንሶስላ ሰፈር ድንኳን

ጠጋ በሉ ልጆቼ። ይህ ወሬ ሰው ጎረቤቱን በቤት ቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጠራ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። እኔ ከአያቴ ሰማሁ፤ አያቴ ከጎረቤቱ ሰማ፤ ጎረቤቱ ግን በዓይኑ አይቷል።

በዚያ ዘመን በከተማው ዳር፣ ከወንዙ በላይ፣ እንሶስላ የሚባል ሰፈር ነበረ። ቤቱ ጭቃ ነበረ፤ አጥሩ ቆርቆሮ ነበረ፤ ሰዉ ግን ሰው ነበረ። በሰፈሩም አያ ዘርጋው የሚባል የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበረ። ሚስት አላገባም፤ ልጅ አልወለደም፤ ዘመዱ የት እንዳለ አይታወቅም። ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ይነሳል፤ ጡሩምባውን ይነፋል፤ የሟቹን ስም ይጠራል። ሥራው ይኸው ነበረ።

መቼም ጡሩምባ ነፊን የሚወድ ማን አለ? ሴቶች ድምፁን ሲሰሙ ያማትባሉ። ልጆች በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሲያዩት እናታቸው ቀሚስ ሥር ይገባሉ። ሰው ሊጠይቅ ደጅ ቢቆም የቤቱ ባለቤት ክው ብላ "ምነው! ማን ሞተ?" ትለዋለች። "ማንም አልሞተ፤ እንደምን አደራችሁ ልል ነው" ይላታል። በኋላ በኋላ እንደምን አደራችሁ ማለቱንም ተወው። በሆዱ ግን አንድ ነገር ይመኝ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሲነፋ ሰው ደስ ብሎት እንዲወጣለት ይመኝ ነበር። ብቸኝነት ክፉ ነው ልጆቼ። ያም ሆኖ እንሶስላ ለእሱ እናቱም ልጁም ነበረች፤ ሌላ ምንም አልነበረውም።

ታዲያ የከተማው ሹም ከሰፈሩ በላይ ቪላ ሠራ። ለመኪናው መንገድ ፈለገ። መንገዱም በእማማ ጌጤነሽ ቤት ላይ ወደቀ። እማማ ጌጤነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጥጥ እየፈተሉ የሚያድሩ አሮጊት ነበሩ። አቤት ቢሉ ሰሚ አጡ፤ "ነገ ይፈርሳል" ተባሉ።

ጎህ ሲቀድ አያ ዘርጋው ጡሩምባውን ነፋ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ተሸክመው ወጡ። "ማን ሞተ?" አሉት።

"ማንም አልሞተም። የእማማ ጌጤነሽ ቤት ግን ዛሬ ሊሞት ነው" አላቸው።

የእድሩ ዳኛ ግራዝማች እንግዳ ተቆጡ። "አንተ ሟርተኛ! የሬሳ ጡሩምባ ለቆመ ቤት ትነፋለህ?"

"ከሞተ በኋላ ብነፋለት ምን ያደርግለታል ግራዝማች?"

ግራዝማች ለወንዶቹ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ድንኳኑን እንደሆነ ተሸክመውት ወጥተዋል፤ በእማማ ጌጤነሽ በር ላይ ተከሉት።

አፍራሾቹ ዶማቸውን ይዘው መጡ። ድንኳን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ዶማቸውን አጥር አስደገፉ፤ "እግዜር ያጥናችሁ" ብለው ገብተው ተቀመጡ። ንፍሮ ቀረበላቸው፤ ዘገኑ። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ማለት ነውር ነው። ነገሩ እስኪገባቸው ንፍሮው አለቀ። የለቅሶ ንፍሮ የዘገነ እጅ የለቀስተኛን ቤት እንዴት ያፈርሳል? አለቃቸው ዶማውን አንስቶ "መንገዱ በሌላ በኩል ይዙር" ብሎ ሄደ። መንገዱም ዞረ።

ደግሞ ሌላ ዓመት መጣ። አንድ ባለጠጋ የሰፈሩን ምንጭ ለግቢው ሊያደርግ አጠረው። አያ ዘርጋው ጡሩምባውን ነፋ። ሰፈሩ ወጣ። "ማን ሞተ?" አሉት። "ምንጩ" አላቸው። በባለጠጋው አጥር ሥር ድንኳን ተተከለ። እማማ ጌጤነሽ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ፦

"እንስራዬ ደርቆ ጀርባዬ ቀለለ፤
ምንጭ የሞተበት ሰው እንደኔ ማን አለ።"

የባለጠጋው ልጅ የምትዳርበት ሳምንት ነበረ። እልል እያለ በለቅሶ ድንኳን አጠገብ የሚያልፍ ሚዜ ከየት ይምጣ? ሰውየው ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌዎቹም ተቀምጠው አለቀሱ። በመጨረሻ አጥሩን ራሱ ነቀለው። ሴቶቹ ውሃቸውን ቀዱ፤ ለሠርጉም እልል አሉለት። እንሶስላዎች ቂም አያውቁም ነበር።

ሦስተኛው ግን ከባድ ነበረ። ሹሙ ሰፈሩ እንዳለ እንዲፈርስ አዘዘ። ሰዉ ዕጣ እያወጣ በከተማው አራት ማዕዘን ይበተን ተባለ። ሹሙ ያለፈውን አልረሳምና "ሬሳ ሳይኖር ድንኳን የተከለ ይታሰራል" የሚል አዋጅ አስነገረ። ሰው አቀረቀረ። ከዚያ ሁሉ ሰው ግን የአያ ዘርጋውን ያህል የጨነቀው አልነበረም። ሌላው ቢበተን ሚስቱን ይዞ ይበተናል፤ ልጁን ይዞ ይበተናል። እሱ ከማን ጋር ይበተን?

አፍራሾቹ በሚመጡበት ቀን ጎህ ሲቀድ ጡሩምባውን ነፋ። ሰው ፈራ ተባ እያለ ወጣ። "ማን ሞተ?" አሉት።

"እኔ" አላቸው።

ሳቁ። እሱ አልሳቀም። "ዘመድ የለኝም፤ ልጅ የለኝም። እናንተ ከተበተናችሁ ተዝካሬን የሚያወጣልኝ የለም። የቁም ተዝካሬን ዓይኔ እያየ አውጡልኝ" አላቸው።

ልጆቼ፣ ወራሽ የሌለው ሰው ሳይሞት ተዝካሩን ማውጣቱ የቆየ ልማድ ነው፤ የሚከለክለው አዋጅ የለም። ድንኳኑ በሰፈሩ መግቢያ፣ መንገዱን ዘግቶ ተተከለ። ያለው ጠላ አመጣ፤ ያለው ዳቦ አመጣ፤ የሌለው ራሱን ይዞ መጣ። ቄሱ ጸሎት አደረሱ።

ሹሙ አፍራሾቹን አስከትሎ ደረሰ። "ሬሳው የታለ?" አለ።

"ይኸው ቆሜያለሁ ጌታዬ" አለው አያ ዘርጋው።

ሹሙ ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱም "ከአባቶቻችን የወረደ ነው ልጄ፤ ና ተቀመጥ" አሉት። ሹሙ አልተቀመጠም፤ አፍራሾቹ ግን ተቀመጡ። "ነገ እመለሳለሁ!" ብሎ ሄደ።

ያን ቀን ሰው ተራ በተራ እየተነሳ ስለ አያ ዘርጋው ተናገረ። አንዷ "እናቴ የሞተች ዕለት ስሟን እንዴት አሳምሮ እንደጠራው" አለች። አንዱ "ዝናብ ለዝናብ እየሄደ የሁላችንን ሐዘን የተሸከመ እሱ ነው" አለ። እማማ ጌጤነሽ "ቤቴ ቆሞ ያለው በእሱ ትንፋሽ ነው" አሉ። አያ ዘርጋው ጥግ ላይ ተቀምጦ ሰማ። የሰውን ሁሉ ስም ሲጠራ የኖረ ሰው፣ የራሱን ስም በሰው አፍ ሰማ። ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሹሙ በማግስቱ ሲመጣ የእማማ ጌጤነሽ የቁም ተዝካር ነበረ። በሌላው ቀን የግራዝማች እንግዳ ነበረ። የሰፈሩ ሼህ ኑሪም ሰደቃቸውን በዚያው ድንኳን አወጡ። ድንኳኑ ሳይነቀል ክረምት ገባ። በጭቃ ማን ያፈርሳል? በዚያው ክረምት ሹም ሽር ሆነ፤ አዲሱ ሹም ነገሩን ተወው። እንሶስላ ሳትበተን ቀረች።

አያ ዘርጋው ከዚያ ወዲያ እንደምን አደራችሁ ማለቱን እንደገና ጀመረ። ሰውም "ግባ" ይለው ነበር። በጽጌ ወር አንድ ቀን ጎህ ቀደደ፤ ጡሩምባ አልተነፋም። ሰው ተነስቶ ውሃውን ቀዳ፤ ወደ ሥራው ሄደ። የሰውን ሞት የሚናገረው ሲሞት ማን ይናገር? እማማ ጌጤነሽ ቁርስ ይዘውለት ሲሄዱ አርፎ አገኙት። ግራዝማች ጡሩምባውን አንስተው ነፉ፤ አልጮኸላቸውም። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ለማንም አልጮኸም። በየደጁ እየሄዱ "አያ ዘርጋው ሞተ" እያሉ ባፋቸው ተናገሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈሩትን ድምፅ ያን ቀን ናፈቁት።

ከብዙ ዘመን በኋላ ሰፈሩም አልቀረ፤ ከተማ ሁሉን ይበላል። ዛሬ በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ እኔም በሌላ ሰፈር፣ ስሜን በማያውቁ ሰዎች መሃል አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ነገር ግን የእንሶስላ ልጆች በየዓመቱ በጽጌ ከያሉበት ይመጣሉ። ከፎቁ ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ድንኳን ይተክላሉ። ንፍሮ ይዘግናሉ፤ አንዱ ሌላውን በቁሙ ያመሰግነዋል። "ሳንሞት እንገናኝ" የሚሉትም ከዚያ የመጣ ነው። መንገደኛ ደንግጦ "ማን ሞተ?" ይላቸዋል። "ማንም። አለን" ይሉታል።

እኔም ዕድሜ ከሰጠኝ ዘንድሮ እሄዳለሁ። ጉልበቴ አልታዘዝ ካለኝ ደግሞ እናንተ ግራና ቀኝ ደግፋችሁ ትወስዱኛላችሁ።