የዝሆኑ ተማሪ

ተረት ላውጋችሁ፣ እናንተም አድምጡኝ። በአንድ ጫካ ውስጥ ሥር ምሶ መድኃኒት መቀመም የሚያስተምር ሽማግሌ ዝሆን ነበር። ትምህርት ቤቱ የሚገቡት እሱ ራሱ ፈትኖ የመረጣቸው ጥቂት እንስሳት ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ግን ንጉሡ አንበሳ፣ «ከእንግዲህ ማን እንደሚማር የምወስነው እኔ ነኝ። አንዱ ቦታ ጭነት ሲሸከሙ ለኖሩት ይሁን» ብሎ አዘዘ።

በዚያ ቦታ አህያ ገባች። አምስት ዓመት በትዕግሥት ተምራ ሥሮቹን ሁሉ በማሽተት ብቻ መለየት ቻለች።

አንበሳም የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ሊመረምር ዝሆኑን ወደ ግቢው አስጠራው። ዝሆኑ እንደሄደ ድኩላ እባብ የነደፈውን ልጇን እየደገፈች መጣች። ደጃፉ ላይ ያገኘችው አህያን ብቻ ነበር።

«እመት ድኩላ፣ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፤ ቶሎ ላጠጣው» አለች አህያ።

ድኩላ ልጇን ከኋላዋ ሸሸገችው። «አንቺን ያስገባሽ ዕውቀትሽ ሳይሆን የንጉሡ ትእዛዝ ነው። እኔ ዝሆኑን እጠብቃለሁ» አለቻት።

አህያ ግን ሥሩን ጨምቃ በቅል አቀረበች። ድኩላ ፊቷን አዞረች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግልገሉ ሞተ።

ዝሆኑ ሲመለስ ከሬሳው አጠገብ ያለውን ቅል አሸተተ። «ይሄን ማን ቀመመው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኝ፣ አያ ዝሆን» አለች አህያ።

«እኔም ብኖር የማጠጣው ይሄንኑ ነበር» አላት።

ድኩላ ይህን ስትሰማ ቅሉን ስባ ከሞተው ልጇ አፍ አስጠጋችው።