የእትዬ ትርንጎ ሳክስፎን

እኛ ሰፈር፣ አዳማ፣ ሰው ነገር ሲያማርጥ ጊዜው ሲያልፍበት የምትባል አንዲት አባባል አለች። ልጆቹ አሁን አሁን ጫማ ሲገዙ፣ ስልክ ሲገዙ ለቀልድ ይሏታል። እኔ ግን ስሰማት አልስቅም፤ ከየት እንደመጣች አውቃለሁና።

ሃምሳ አለቃ ምንውዬለት ጎረቤቴ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በማርሽ ባንድ ሳክስፎን ሲነፋ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ መሣሪያውን ለንብረት ክፍል አስረክቦ ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ስለ ሳክስፎን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ባለቤቱን እትዬ ትርንጎን ኩላሊቷን ያመማት በፍልሰታ ጾም ነው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ሲያበቁ ቤቷ ትሁን ብለው መለሷት። አንድ ቀን ልጠይቃት ገብቼ ሳለ የባሏን እጅ ይዛ፣ "ያቺን የኔን ዜማ አንዴ ንፋልኝ" አለችው። ገና ሳይጋቡ በእናቷ አጥር ሥር ቆሞ ይነፋላት የነበረ፣ ራሱ ያወጣው ዜማ ነው።

"በምን ልንፋልሽ ትርንጎ?"

"ግዛ!" አለችና ሳቀች። ያኔ ገና መሳቅ ትችል ነበር።

ልጆቻቸው ገንዘቡን አዋጡ። እኔም ፀጉር ቤቴን ዘግቼ አብሬው አዲስ አበባ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ያሳየን ሳክስፎን አዲስ ነው፤ ሲያዩት ዓይን ይወጋል። ጋሽ ምንውዬለት ሁለት ጊዜ ነፋና መለሰው። "ድምፁ ቆርቆሮ ነው" አለ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ አዛውንት ሙዚቀኛ ቤት ሄድን። የሰውዬው ሳክስፎን ቀለሙ ለቋል፣ ድምፁ ግን እንደ ሰው ጉሮሮ የሞቀ ነው። እኔ በልቤ አበቃ፣ ተገኘ አልኩ። ጋሽ ምንውዬለት ደጋግሞ ነፋው፣ ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"ታችኛዋ ድምፅ ትንቀጠቀጣለች።"

"ጋሼ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም" አልኩት።

"አንተማ አትሰማም። ትርንጎ ታውቅብኛለች።"

ባዶ እጃችንን ተመለስን። እትዬ ትርንጎ ትራሷን ተደግፋ ስትጠብቅ አገኘናት። "የታለ?" አለች። ልክ የሆነ እንዳላገኘ ነገራት። "እኔኮ ልፈትንህ አይደለም" አለችው። "ያንተ ትንፋሽ ይግባበት እንጂ ቀርከሃም ቢሆን ይበቃኛል።"

"ትንሽ ታገሺኝ" አላት።

ከመጀመሪያው ሱቅ ከውጭ የሚመጣ አለ፣ ጠብቅ አሉት። ጠበቀ። መስቀል አለፈ። እሷ እያደር መብላት አቆመች፤ ከዚያም ጠያቂውን ሰው እየለየች መጥራት አቃታት። ጥቅምት ሲገባ ስልክ ተደወለና ሄድን። ይሄኛውን እንደነፋው ሻጩ የያዘውን ስልክ ዘጋ፣ ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ቀረ። "ይሄ ነው!" አለ ጋሽ ምንውዬለት። በአውቶቡስ እስከ አዳማ ድረስ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎት መጣ።

ቤት ስንደርስ እትዬ ትርንጎ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን አያይም። ታላቅ እህቷ ወይዘሮ አጸደ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ እያራሰችላት ነበር። "ከጠዋት ጀምሮ ስጠራት አትመልስልኝም" አለችን።

ጋሽ ምንውዬለት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነፋ። እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። መንገደኛው አጥሩን ይዞ ቆመ፤ ጎረቤት ሁሉ ያለቅስ ጀመር። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ፣ "ትርንጎ፣ ልክ ነው?" አላት። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነበር። "ትርንጎ?" አለ ደግሞ። ሁለተኛ ነፋው፤ ሦስተኛም ነፋው። በማግሥቱ አረፈች።

በሠልስቱ ድንኳን ውስጥ አንድ ጎረቤት ሊያጽናናው ብሎ፣ "እንኳን ሰምታህ ሄደች" አለው።

"አልሰማችኝም" አለ ጋሽ ምንውዬለት። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። "ሁለተኛው ሳክስፎን ጥሩ ነበር። የምትንቀጠቀጥ ድምፅ አልነበረችም። አሥራ አንድ ዓመት ሳልነፋ ከርሜ ከንፈሬ ከዳኝ ብዬ ፈራሁ። እሷ ፊት መሳሳት ፈራሁና በመሣሪያው አሳበብኩ።"

ወይዘሮ አጸደ ከሴቶቹ መሐል ተነስታ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። ልትወቅሰው አልነበረም፤ ነጠላዋን ከፍ አድርጋ እንባውን ጠረገችለት፣ ከዚያም ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ ቀስ ብላ፣ "አይ ወንድሜ፣ ድምፅ ሲያማርጡ ሰሚ አጡ" አለች።