የአንበሳው አፍንጫ የጎደለበት ወርቅ

እኔ እንደሆንኩ አልረሳም! ክርስትና የተነሳሁበት ውሃ እንዴት እንደቀዘቀዘ፣ ቄሱ ስንቴ እንዳነጠሱ ሳይቀር ትዝ ይለኛል። ስለዚህ "አያቴ፣ ባለፈው እንዲህ አላልሽም" የሚለኝ እንዳይኖር። ስልኩን ጆሯችሁ ላይ ለጥፉና ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ገና እንደ ቅቤ ለስላሳ ሳለ፣ በአንድ አገር አንበሳ ነገሠ። የአገሩን ስም አውቀዋለሁ፣ ግን አልነግራችሁም።

"ፊቴ በወርቅ ሳንቲም ላይ ይውጣ!" አለ። የሳንቲም ቤት ተሠራለት። ወርቁ ይቀልጣል፣ እንደ ቂጣ ይሳሳል፣ ክብ ክብ ሆኖ ይቆረጣል። እመት ጦጣ እያንዳንዱን ትመዝንና የከበደውን በሞረድ ፋቅ ፋቅ ታደርጋለች። መጨረሻ ላይ አያ ዝሆን የንጉሡ ፊት ተቦርቡሮ የተቀረጸበትን ብረት ይደፋበትና በእግሩ ድም! ያደርገዋል። ሦስት ወንዝ ማዶ ያለች ዶሮ ደንግጣ ያለ ቀኗ እንቁላል ትጥላለች።

"ድም! ከእግሬ ሥር ጎዶሎ አይወጣም!" ይላል፣ ጆሮውን እያራገበ።

ያ ቤት ደንብ ነበረው። የሚወጣ ሁሉ በር ላይ ካለው ገንዳ ይታጠባል። ከገላ የረገፈው የወርቅ ብናኝ ከሥር ይዘቅጥና ተመልሶ ይቀልጣል። በረኛዋ ኤሊ ናት።

"እመት ጦጣ፣ ታጠቢ እንጂ!"

"እህ! እህ! ጉንፋን ነው፣ እትዬ ኤሊ። ነገ እታጠባለሁ!"

ነገም "እህ! እህ!"፣ ከነገ ወዲያም "እህ! እህ!"። ኤሊ ሆዷ ራርቶ ታሳልፋታለች።

አንድ ቀን ንጉሡ አዲሱን ሳንቲም አየና አገሳ።

"አፍንጫዬ የት ሄደ?"

እውነትም የለም! ጎፈሩ አለ፣ ጥርሱ አለ፣ መሃሉ ልሙጥ።

"ይሄ አንበሳ ነው ወይስ የተላጠ ድንች? አያ ዝሆን፣ አፍንጫዬን ካላመጣህ ከአገሬ ውጣ!"

"እርጅና ነው ጌታዬ፣ እግሩ ዝሎ ነው" አለች ጦጣ።

ዝሆን ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ብረቱን ገልብጦ አየው።

"ከሁሉ የጠለቀው ጉድጓድ አፍንጫው ነው። ወርቅ ካነሰ እሱ ሳይሞላ ይቀራል። እግሬ አልዛለም፣ ወርቁ ነው ያነሰው!"

"ሚዛኔ ልክ ነው!"

"እስኪ ጅራትሽን ከሚዛኑ ላይ አንሺው!"

ብታነሳው የወርቁ ሰሃን ሽቅብ ዘለለ።

"ታዲያ የተፋቀው የት ገባ?" አለ ንጉሡ።

"እህ! እህ!..." ብላ ወደ በሩ ስትሸሽ፣ ዝሆን የገንዳውን ውሃ በኩምቢው ስቦ ፏ! አደረገባት። ከፀጉሯ የረገፈው ብናኝ ገንዳውን አደይ አበባ የተበተነበት አስመሰለው።

ብናኙ ቀለጠ፣ ተቆረጠ፣ በደንብ ተመዘነ። ድም! አፍንጫው ከነቀዳዳው ወጣ። ሳንቲሙ ራሱ አነጠሰ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!

"ከእግሬ ሥር ጎዶሎ አይወጣም!" አለ ዝሆን፣ ጆሮውን በኩራት እያራገበ። ጦጣም የሠራተኛውን ሁሉ ጀርባ አጣቢ ሆና ቀረች።

ለዚህ ነው፣ "ወርቅ የሰረቀ ውሃ ይፈራል" የሚባለው።

በሉ፣ ተረቴን በልታችሁ ዝም እንዳትሉ። ዛሬ ማታ መልሳችሁ ደውሉልኝና አንድ በአንድ ንገሩኝ። አንዲት ቃል ፍቃችሁ ብታስቀሩ፣ አፍንጫው ሲጎድል አውቃለሁ!